ለማስተርስ ደጋግመው አመልክተው ከቀሩ ምን ያድርጉ?

ደብረ ብርሃንም ይሁን ሸዋ ሮቢት፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ያልተሳካለት አመልካች ብዙውን ጊዜ ያንኑ ፋይል ለሌላ አስር ዩኒቨርሲቲ ይልካል። ከዚያ በፊት የትኛው ወንፊት ላይ እንደቀሩ ይለዩ።

የአገር ውስጥ ከሆነ መለየቱ አያስቸግርም። ብዙ ሰው የሚቀረው በብሔራዊው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ በጋት ነው። ጋት የሚለካው ቋንቋ፣ ስሌትና አመክንዮ ስለሆነ የዲግሪ ሃንድአውት ማገላበጥ ብዙ አይረዳም፤ ሰዓት ይዘው ጥያቄ ይሥሩ።

ለውጭ ከሆነ መጀመሪያ መስፈርቱን ያጣሩ። የብሪታንያ መንግሥት የትምህርት ዕድል የሆነው ቼቭኒንግ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። የጀርመኑ የትምህርት ዕድል ሰጪ ተቋም ዳአድ ለልማት ነክ ትምህርቶች ሲያወዳድር በጥቅሉ 2 ዓመት የሥራ ልምድና ከ6 ዓመት ያልራቀ ምርቃት ይፈልጋል። የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናውን የአይኤልትስን ውጤትም ከ2 ዓመት በኋላ በአብዛኛው አይቀበሉትም። እዚህ ላይ ከቀሩ ድርሰት ማሳመር ከንቱ ድካም ነው።

መስፈርቱን አሟልተው ከቀሩ የድጋፍ ደብዳቤዎቹን ይጠርጥሩ። «ጽፈህ አምጣና ልፈርምልህ» የሚለው ልማድ ብዙ ጎበዝ ልጅ አስቀርቷል፤ ሦስቱንም ደብዳቤ ራስዎ ከጻፉ ሦስቱም በአንድ አንደበት ይናገራሉ፣ አንባቢውም ይነቃል። ስምዎን እንኳ ከማያውቅ ዲን ይልቅ የመመረቂያ ጽሑፍዎን ያማከረው መምህር ይሻላል። የተማሩትን ኮርስ፣ ውጤትዎን፣ የጽሑፉን ርዕስና በሥራው ላይ ያደረጉትን በግማሽ ገጽ አዘጋጅተው ይስጡትና ደብዳቤውን እሱ ይጻፈው። በዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ቢልከው ይመረጣል።

ቀጥሎ የዓላማ መግለጫው። «አገሬን ማገልገል እፈልጋለሁ» የማይል አመልካች የለም። እንስሳት እርባታ የተማረ ሰው ስለ መንዝ በግ ዝርያ ማሻሻል አንድ ጥርት ያለ ጥያቄ ቢያነሳ፣ ጂኦሎጂ የተማረም ስለ ደብረ ሲና አካባቢ የመሬት መንሸራተት ቢጽፍ ይለያል። ርዕሱ ብቻውን ግን አይበቃም፤ እስከሚቀጥለው ማመልከቻ ባለው ጊዜ እጅዎን ያስገቡበት። ለምሳሌ የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል በመንዝ በግ ላይ ለዓመታት ሠርቷል፤ ሄደው መረጃ በመሰብሰብ ላግዝ ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም።

በምርምር ለሚሰጥ ማስተርስ አማካሪ የሚሆንዎትን ፕሮፌሰር አስቀድመው ይጻፉለት። አንድ ጥናቱን አንብበው፣ ከእርስዎ ጥያቄ ጋር የሚገናኝበትን ጠቅሰው፣ በአምስት ስድስት መስመር ይጨርሱ። ለሃምሳ ሰው የተላከ ኢሜይል ከሩቅ ያስታውቃል።

መብራትም ኔትወርክም አይታመንምና ማመልከቻውን ከቀነ ገደቡ ሳምንት ቀድመው ያስገቡ፤ ለመምህሩ ደግሞ ከወር በፊት ይንገሩት።