የሰፈር ቦይ ከክረምት በፊት እንዴት ይከፈታል? ከአንዲት የደሴ ባለሱቅ

ሱቄ ደሴ ውስጥ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ካሉት ዳገታማ ሰፈሮች በአንዱ ነው። ደሴን ያየ ሰው አቀማመጡን ያውቀዋል፤ በምዕራብ ጦሳ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል፣ መሀል ላይ እኛ። ጦሳ ላይ የዘነበው ውሃ ቦርከና ወንዝ ለመድረስ በእኛ ደጅ ያልፋል። ከዚያ በዶሮ መዝለያ አድርጎ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። መንገዱን ከለቀቅንለት እኛን አይፈልገንም። ካልለቀቅንለት ግን ቤት ይገባል። የኔ ሱቅ በ2016 ሐምሌ ገባ። መሬት ላይ ያስቀመጥኩት ግማሽ ኩንታል ስኳር ሽሮፕ ሆኖ አደረ።

በዓመቱ ቦዩን ከፈትነው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰፈር ያሉ ዘመዶቼ "እናንተ እንዴት አደረጋችሁት?" እያሉ ይጠይቁኛል። ለሁሉም ከማወራ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ጊዜውን ልናገር። ሰው ሁሉ የሚጮኸው ሐምሌ ላይ ነው። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ደርሷል፤ የመንግሥት በጀትም ሐምሌ 1 ገና አንድ ብሎ መጀመሩ ነው። የምታናግሩት ሰው "ዕቅድ ላይ ነን" ቢላችሁ እውነቱን ነው። እኛ ወሎዎች ግን በልግ አለልን። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የሚጥለው ዝናብ ለገበሬው ሰብል ነው፤ ለእኛ ለከተሜዎቹ ደግሞ የክረምት ልምምድ ነው። በበልግ ግማሽ ሰዓት የወረደ ዶፍ የት እንደሚቆም ካያችሁ ክረምቱን አያችሁት ማለት ነው። ስለዚህ በልግ ላይ እዩ፣ ሚያዝያ ላይ ጻፉ፣ ግንቦት ላይ ቆፍሩ። ሰኔ ሚካኤል ሲደርስ ዶማው ቤት መግባት አለበት።

"እዩ" ስል ከበር ላይ ቆሞ ማየት ማለቴ አይደለም። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ከበሬ ላይ ቆሜ ሳይ የነበረው የላይኞቹን ጎረቤቶች ጥፋት ብቻ ነበር። ቆሻሻ የሚጥሉት እነሱ፣ አሸዋ የሚቆልሉት እነሱ። ለቡና በተሰበሰብን ቁጥር ስማቸውን አነሳ ነበር። አንድ ቀን የጎረቤቴ ልጅ፣ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው፣ ዝናብ እየጣለ ቢጫ የጀሪካን ክዳን ይዞ መጣ። "ከላይ ልልቀቀውና አብሬው ልሩጥ?" አለኝ። ጃንጥላ ይዤ ወጣሁ። ከላይኛው መታጠፊያ ለቀቀው። ክዳኑ እየተገለባበጠ ወረደ፤ ልጁም በጠርዙ እየሮጠ ይጮሃል። አሸዋ ክምሩ ጋ ትንሽ ተንገዳግዶ አለፈ። አንዱ ለመኪና መግቢያ ብሎ ካስቀመጠው ሶሌታ ሥር ገባና ጠፋ፤ በወዲያኛው በኩል ወጣ። ከዚያ የኔ ሱቅ ፊት ደርሶ ቆመ። ጭራሽ ቆመ። ደንበኛ እንዳይቸገር ብዬ በቦዩ ላይ ያስደረብኩት የሲሚንቶ ደረጃ ሥር ፌስታል፣ ሃይላንድና የጫት ገራባ ተጠቅጥቆ ግድግዳ ሠርቷል። ውሃው ሌላ መሄጃ ሲያጣ የሚገባው ወደ ማን ነው? ወደ ባለደረጃዋ ነው።

ልጁ ምንም አላለኝም። አየኝ ብቻ።

እናንተም እንዲህ አድርጉ። ክዳን፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ የሚንሳፈፍና ቀለሙ ደመቅ ያለ ነገር ከላይ ልቀቁ። የሚዘገይበትን ቦታ ሁሉ በእርምጃ ለኩና ወረቀት ላይ አስፍሩ። የኛ ቦይ ከላይኛው መታጠፊያ እስከ አስፋልቱ 140 እርምጃ ነው፤ የሚዘጋው አራት ቦታ ላይ ነው። አሸዋው፣ ሶሌታው፣ የኔ ደረጃ፣ በመጨረሻም ከአስፋልቱ ሥር የሚያልፈው ቱቦ። አራት ቦታ መሆኑን ስናውቅ ነገሩ ቀለለ። በፊት "ሰፈሩ በጎርፍ አለቀ" ነበር የምንለው። እንዲህ የሚል ሰው ምን ብሎ ይጀምራል?

ቀጥሎ ሰው ማሰባሰብ ነው። አዲስ ኮሚቴ አታቋቁሙ። ቅሬ አላችሁ አይደል? ሌላው አገር ዕድር የሚለው ማለቴ ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም ያለበት፣ የየቤቱ ስም የተመዘገበበት፣ ጥሩንባ ሲነፋ ሁሉም የሚወጣበት። የቅሬው ዳኛ አንድ ቃል ቢናገር የኔን አሥር ቃል ያስንቃል። ችግራችን ጊዜው ነበር። በ2017 ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ስለገቡ በቀን ቡና አፍልቶ ሰው መጥራት አልተቻለም። ከአፍጥር በኋላ ተገናኘን፤ ጧሚው ክርስቲያንም ቡናውን ጠጣ። እኔም አወሉ ሳያልቅ ስለ ደረጃዬ ራሴ ተናገርኩ። "አፉ በሉኝ፣ ዘጊዋ እኔ ነኝ፤ ነገ አስፈርሰዋለሁ" አልኩ። ባለአሸዋው ቶና ሳይደርስ "እኔም በዚህ ሳምንት አነሳለሁ" አለ። ባለሶሌታው በረካው አልቆም ዝም ብሎ ነበር። በሦስተኛው ቀን መጥቶ ሰፋ ያለ ቱቦ ስንት እንደሚሸጥ ጠየቀኝ።

በሰው ፊት የማይነሳ ነገርም አለ። የሽንት ቤት ቱቦ ወደ ቦዩ የለቀቀ ሰው ካለ ስብሰባ ላይ አታንሱት፤ ከተዋረደ ለዘላለም አይዘጋውም። እኔ ከአስር ሰላት በኋላ ብቻዬን ሄድኩ።

"ሐጂ፣ አፉ በሉኝ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት።"

"በይ እስቲ ልጄ፣ ምን ገጠመሽ?"

"ጎረምሶቹ ሊጠርጉ ቦዩ ውስጥ ሊገቡ ነው። ከግንቡ ሥር ያለችው ቱቦ..."

ቆዩ። መቁጠሪያቸውን ጨረሱ። "አብሽሪ፣ እነሱ ሳይገቡ ትዘጋለች" አሉኝ። ተዘጋች።

እርስ በርሳችን ተነጋግረን ከጨረስን በኋላ፣ ከመቆፈራችን በፊት ነው ወደ ቢሮ የሄድነው። ከአስፋልት ሥር ያለ ቱቦ የነዋሪ ሥራ አይደለም፤ ማንም እዚያ ውስጥ እንዳይገባ። ማመልከቻውን አጭር አድርጉት። በአንድ ወረቀት አንድ ጉዳይ ብቻ። መብራቱንም፣ ውሃውንም፣ ውሻውንም አንድ ላይ ከጻፋችሁ ወረቀቱ ከክፍል ክፍል ሲዞር ይከርማል። የኛ እንዲህ ይል ነበር፦

"ጉዳዩ፦ የጎርፍ ማስወገጃ ቱቦ እንዲጠረግልን ስለመጠየቅ። በሰፈራችን ከአስፋልቱ ሥር የሚያልፈው ቱቦ ከግማሽ በላይ በደለል ተሞልቷል። ከቱቦው በላይ ያለውን 140 እርምጃ ቦይ እኛ ነዋሪዎች ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. እንጠርጋለን። ቱቦው ከአቅማችን በላይ ስለሆነ ክረምት ሳይገባ እንዲከፈትልን በትሕትና እንጠይቃለን።"

ከሥር ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ፊርማ። በሁለት ኮፒ አዘጋጁት። አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ፤ ሁለተኛው ላይ ማኅተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር አስመቱና ይዛችሁት ውጡ። ይቺን አትርሱ። ሁለተኛ ስንሄድ "እንዲህ ያለ ደብዳቤ አልደረሰንም" ተባልን። ኮፒዬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ልጅቱ ቁጥሩን አይታ መዝገቡን ገለጠች፤ ደብዳቤው ተገኘ። በሦስተኛው ጉዞ ወደሚመለከተው ክፍል ተመራ። ስትሄዱ ሁለት ሰው ሁኑ፤ አንዱ ሽማግሌ ቢሆን ጥሩ ነው። አሥር ሆናችሁ ከሄዳችሁ ሰልፍ የወጣችሁ ይመስላል፤ ብቻ ከሄዳችሁ ደግሞ "ነገ ተመለሺ" ይመጣል።

የሥራ ቀን ስትመርጡ ካሌንደር ይዛችሁ ተቀመጡ። እኛ መጀመሪያ ቅዳሜ ግንቦት 16 ብለን ነበር። አንዲት እናት "ኪዳነ ምሕረትን ልታስቆፍሩን ነው?" አሉና ወደ 9 መለስነው። ዓርብ የጁምዓ ነው፣ እሑድ ቅዳሴ ነው፣ ሰኞ ገበያ ነው። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ሁሉንም ያስማማል።

ለመዋጮ በቤት 50 ብር ቆረጥን። ከ34 ቤት 29ኙ ከፈሉ፤ 1,450 ብር ሆነ። ያልከፈሉት አምስቱ አካፋ ይዘው መጡ፤ እኔ እንደ ክፍያ ነው የቆጠርኩት። ጓንት፣ ማዳበሪያና የጋሪ ኪራይ ወጣበት። የወጣውን በሙሉ ጽፌ ከነደረሰኙ የሱቄ በር ላይ ለጠፍኩ። ስለ ገንዘብ የሚወራ ወሬ ከጎርፍ ይብሳል።

አሁን ወደ አካፋው። ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ ጥረጉ። ከላይ ከጀመራችሁ የፈታችሁት ቆሻሻ ወርዶ ታች ያለውን ይዘጋዋል። እኛ የከተማው ቱቦ ገና ስላልተከፈተ አፉ ላይ አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ ደርድረን ነው የጀመርነው። ቦቲና ጓንት የሌለው ሰው ቦይ ውስጥ አይግባ፤ ምላጭና የተሰበረ ጠርሙስ ከጭቃው አይለይም። ልጆች ከላይ ሆነው ሃይላንድ ይልቀሙ፣ ይበቃቸዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ጭቃው ላይ ነው። ዘመቻ ተብሎ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ጭቃው ከቦዩ ጠርዝ ላይ ተቆልሎ ይቀራል። የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ይከተዋል። ይህን በየዓመቱ እናያለን፤ አሁንም በየዓመቱ እንደግመዋለን። ጭቃውን ከጠርዙ ሁለት እርምጃ አርቁ። አንድ ቀን ውሃው ይንጠፍለት፤ እርጥቡን ከጫናችሁ ጋሪው የሚሸከመው ውሃ ነው። ፌስታሉን ለዩ። አፈሩን የሚፈልግ ሰው አይጠፋም፤ የኛን አንድ ጎረቤት ለጓሮው መሙያ ወሰደው፣ ጎመን ዘርቶበታል። የጭቃውን መውሰጃ አስቀድመን ስላሰብን እሑድ ከሰዓት መጨረሻው ጋሪ ሄደ።

ከተማው ቱቦውን የከፈተው ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። ዘግይተው ነው የመጡት፣ ግን መጡ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጥገና ነው። ከተራረፈ ፌሮ ብየዳ ቤት ወስደን ፍርግርግ አሠራንና ቱቦው አፍ ላይ ተከልነው። ክፍተቱ ክንድ የሚያስገባ ይሁን፤ ከጠበበ ራሱ ግድብ ይሆናል። ፍርግርግ ሲኖር ደግሞ ዝናቡ ባባራ ቁጥር አንድ ሰው ወጥቶ የያዘውን ማንሳት አለበት። በሳምንት አንድ ቤት ተራ አወጣን፤ ዝርዝሩ ከደረሰኙ አጠገብ ተለጥፏል። ሰኔ አራተኛው ሳምንት ላይ የኔ ስም ነበር። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ቆርቆሮው ሲንጫጫ ነቃሁ፤ እስኪያባራ ጠብቄ ባትሪና መቆስቆሻ ብረት ይዤ ወጣሁ። ፍርግርጉ ላይ አንድ ፌስታል ገራባ ብቻ ነበር። አነሳሁት፣ ውሃው ጉርርር ብሎ ገባ፣ ተመልሼ ተኛሁ።