በደረት ዋና ፍጥነት የሚጠፋው የት ነው?

25 ሜትር ርዝመት ባለው ገንዳ ከዳር እዳር ለመድረስ 19 ጊዜ እጄን እዘረጋ ነበር። በጎኔ ባለው መስመር የሚዋኙ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው ግን 9 ጊዜ ብቻ ዘርግተው ቀድመውኝ ይደርሳሉ። እኔ ውኃውን አረፋ በአረፋ ሳደርገው እርሳቸው ድምፅ እንኳን አያሰሙም። ለሳምንታት ከታዘብኳቸው በኋላ አንድ ቀን ደፍሬ፣ "ጋሼ፣ ምኑ ላይ ነው የምሳሳተው?" አልኳቸው። "ልጄ፣ እግርህን በሰበሰብክ ቁጥር ራስህን ታቆማለህ" አሉኝና መነጽራቸውን አስተካክለው ሄዱ።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ከአራቱ የዋና ዓይነቶች የደረት ዋና ቀርፋፋው ነው። በሌሎቹ ዋናዎች እጅ ወደፊት የሚመለሰው በአየር ላይ ሲሆን፣ እዚህ ግን እጅም እግርም በአብዛኛው ውኃ ውስጥ ሆነው ይመለሳሉ። ውኃ ደግሞ ከአየር 800 እጥፍ ገደማ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ፍጥነታችሁ እጥፍ ሲሆን ውኃው ወደ ኋላ የሚይዛችሁ ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ እግራችሁን ለመሰብሰብ ጉልበታችሁን ወደ ሆዳችሁ ስታመጡ፣ ጭናችሁ ውኃው ፊት እንደ ግድግዳ ይቆማል፤ በርግጫ ያገኛችሁትን ፍጥነት በዚያችው ቅጽበት ትመልሳላችሁ። እኔ በአንድ ርዝመት 19 ጊዜ እንዲህ እቆም ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ከእግር ጀምሩ። ዳሌያችሁን ከውኃው የላይኛው ገጽ ብዙ ሳታርቁ ተረከዛችሁን ወደ መቀመጫችሁ ሳቡ። ጉልበታችሁ ከዳሌያችሁ ስፋት ብዙ አይውጣ፤ ተረከዛችሁ መቀመጫችሁ አጠገብ ሲደርስ ግን እግራችሁ ከጉልበታችሁ ሰፋ ብሎ ወደ ውጭ ይዙር፣ ጣቶቻችሁም ወደ ቅልጥማችሁ ይሳቡ። ይህቺ ቅጽበት የደረት ዋና ልብ ናት። ርግጫው ሲጀምር ውኃው በእግራችሁ የውስጥ ጠርዝና በቁርጭምጭሚታችሁ ላይ ሲከብድ ሊሰማችሁ ይገባል። ያ ክብደት ካልተሰማችሁ የረገጣችሁት ባዶ ነው። ወደ ውጭና ወደ ኋላ ገፍታችሁ እግራችሁን እስከመጨረሻው ግጠሙ፤ ጣቶቻችሁም ወደ ኋላ ይዘርጉ። ብዙ ሰው እግሩን ሳይገጥም ቀጣዩን ምት ይጀምራል፤ የተከፈተ እግር ደግሞ ከኋላ ይጎትታል።

ይህንን ለማረም ገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላችሁ እግራችሁን ውኃ ውስጥ አድርጉና ርግጫውን በዓይናችሁ እያያችሁ ሥሩ። እኔ ይህን ባደረግሁበት ቀን ግራ እግሬ በትክክል ወደ ውጭ ሲዞር ቀኙ ጣቱን ዘርግቶ እንደሚቀር አየሁ። ለዓመታት በአንድ እግር ስዋኝ እንደነበር በዚያች ደቂቃ አወቅሁ። በውድድርም ቢሆን ሁለቱ እግሮች እኩል መንቀሳቀስና በሚገፉበት ጊዜ ወደ ውጭ መዞር አለባቸው፤ አንዱ እግር እንደ መቀስ ከሄደ ዋናተኛው ይሰረዛል። ጠርዙ ላይ 20 ርግጫ በዝግታ ሠርታችሁ ወዲያው ወደ ውኃው ግቡ፤ እግራችሁ ያየውን ሳይረሳ።

ቀጥሎ ያለው ልምምድ ከሁሉ የበለጠ ጠቅሞኛል። በሆዳችሁ ተንሳፍፋችሁ እጆቻችሁን ወደ ኋላ መቀመጫችሁ አጠገብ አድርጉ። በእግር ብቻ ስትዋኙ በየርግጫው ተረከዛችሁ የእጅ ጣቶቻችሁን ጫፍ ይንካ። ጉልበታችሁን ወደ ሆዳችሁ ካመጣችሁ ተረከዛችሁ ጣታችሁን አያገኘውም፤ ማንም ሳያርማችሁ ስህተቱን ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።

ስለ ጉልበት አንድ ነገር አደራ እላለሁ። የጉልበታችሁ የውስጥ በኩል መውጋት ከጀመረ አትታገሡት። ይህ ሕመም በደረት ዋናተኞች ዘንድ የታወቀ ነው፤ ጉልበትን አለልክ ከፍቶ በኃይል ከማዞር ይመጣል። እኔ ለሁለት ወር ችላ ብዬው ከውኃ ለመራቅ ተገድጃለሁ። ርግጫውን አጥብቡ፣ ከመግባታችሁ በፊት ዳሌያችሁንና ቁርጭምጭሚታችሁን በደንብ አፍታቱ፤ ካልተሻላችሁም ሐኪም ይያችሁ።

የእጅ ሥራ ከሚመስለው ያነሰ ነው። እጃችሁ ተዘርግቶ ሳለ መዳፋችሁን ወደ ውጭ አዙራችሁ ከትከሻችሁ ትንሽ ሰፋ እስኪል ክፈቱ፤ ከዚያ ክርናችሁን ከፍ እንዳለ አቆይታችሁ ውኃውን ወደ ደረታችሁ ሰብስቡ። መዳፋችሁ ከትከሻችሁ መስመር ወደ ኋላ አይለፍ፤ ከዓይናችሁ ከተሰወረ አልፏል ማለት ነው። ደረታችሁ ሥር ሲገናኙ ለጸሎት የቆሙ ይመስል እዚያ እንዳያርፉ። ብዙ ፍጥነት የሚባክነው በዚህ ማረፍ ነው። ሳይቆሙ ወዲያው ወደፊት ይወርወሩ።

ራሳችሁ ከትከሻችሁ ጋር አብሮ ይነሣል፣ አብሮ ይመለሳል። ለመተንፈስ አንገታችሁን ቀና አድርጋችሁ ግድግዳውን የምታዩ ከሆነ ዳሌያችሁ ይሰምጣል። በምትተነፍሱበት ጊዜም ዓይናችሁ ሰያፍ ወደ ታች ውኃውን ይመልከት።

አሁን ቅደም ተከተሉ፦ እጅ ይሰበስባል፣ ትንፋሽ ይገባል፣ እጅ ወደፊት ሲወረወር እግር ይረግጣል፣ ከዚያ መንሸራተት። ርግጫው ሲያልቅ እጃችሁ ቀጥ ብሎ ተዘርግቶ፣ ፊታችሁም ውኃ ውስጥ ገብቶ መሆን አለበት። እጅና እግር እኩል የሚከፈቱና እኩል የሚዘጉ ከሆነ አንዱ የሌላውን ሥራ ያፈርሳል። ለዚህ መድኃኒቱ በአንድ የእጅ ምት ሁለት ርግጫ መርገጥ ነው፤ ሁለተኛው ርግጫ ሰውነታችሁ ተዘርግቶ ሲገፋ ምን እንደሚመስል ያስተምራችኋል።

ምን ያህል እንንሸራተት? በሰዓት ለኩት። በአንድ ርዝመት የሠራችሁትን ምትና የወሰደባችሁን ሰከንድ ደምሩ። 13 ምት በ27 ሰከንድ ድምሩ 40 ነው። 11 ምት በ26 ሰከንድ 37 ይሆናል፤ ይህ እውነተኛ መሻሻል ነው። 9 ምት በ32 ሰከንድ ግን 41 ነው፤ ምቱ ቢቀንስም ፍጥነታችሁ እስኪሞት ተንሸራታችኋል። ለ200 ሜትር ረዘም ያለ መንሸራተት ይጠቅማል፤ ለ50 ሜትር ግን ከሞላ ጎደል ይጠፋል። እንግሊዛዊው አዳም ፒቲ እ.ኤ.አ. በ2019 በደቡብ ኮሪያዋ ጓንግጁ ከተማ 100 ሜትሩን በ56.88 ሰከንድ ሲዋኝ ያዩ ሰዎች የእጁን ፍጥነት ለመቅዳት ይሞክራሉ። እንዲህ ያለው ምት እንደ እርሱ ያለ ርግጫ ይፈልጋል። ርግጫው ሳይኖር እጅ ብቻ ሲፈጥን ድካም ብቻ ይተርፋል።

ግድግዳውን በሁለት እጅ እኩል ንኩ። በመጀመሪያ ውድድሬ አንዱ እጄ ቀድሞ ነክቶ ውጤቴ ተሰርዞብኛል፤ ከዚያ ወዲህ በልምምድም ቢሆን አላልፈውም። ግድግዳውን ገፍታችሁ ስትወጡ ያላችሁ ፍጥነት በዋና ከምታገኙት ይበልጣልና ለመቅዘፍ አትቸኩሉ፤ ቀጥ ብላችሁ ጠብቁ። ፍጥነቱ መቀነስ ሲጀምር እጃችሁን እስከ ጭናችሁ አንድ ጊዜ ሳቡ። በዚህ ጊዜ ደንቡ አንድ የዶልፊን ርግጫ፣ ማለትም ሁለቱን እግር ገጥሞ እንደ ዓሣ ጅራት ወደ ታች መምታትን፣ ይፈቅዳል። ከዚያ ጥቂት ተንሸራታችሁ እጃችሁን ከሰውነታችሁ ሳታርቁ ወደፊት መልሱና በደረት ዋና ርግጫ ውጡ።

እኔ በሳምንት ሦስት ቀን እሠራለሁ። በቀላል ዋና 200 ሜትር፣ እጅን ወደ ኋላ አድርጎ 8 ርዝመት፣ ሁለት ርግጫ በአንድ ምት 8 ርዝመት፣ ከዚያ ምትና ሰከንድ እየደመርኩ 10 ርዝመት፣ በየመካከሉ 30 ሰከንድ ዕረፍት። የምቴ ቁጥር ከጀመርኩበት በሁለት ከጨመረ የቀረኝ ርዝመት ቢኖርም ከገንዳው እወጣለሁ። የደከመ እግር የሚለማመደው የቀድሞውን ርግጫ ነው።