የሰው ሠራሽ ጥርስ ፈንገስ፦ መድኃኒት ተወስዶም የሚመለሰው ለምንድን ነው?

ችግር፦ ሰው ሠራሹ ጥርስ የሚያርፍበት ላንቃ ቀልቷል፤ አንዳንዴም ያቃጥላል። ኒስታቲን የተባለውን የፈንገስ መድኃኒት ሲወስዱ ይሻላል፣ ሲያቆሙ ይመለሳል።

መንስኤ፦ ብዙ ሰው መድኃኒቱን ይወቅሳል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው ጥርሱን ነው። ካንዲዳ የተባለው እርሾ መሰል ፈንገስ ጥርሱ በተሠራበት ፕላስቲክ (አክሪሊክ) ሸካራ ቦታዎች ላይ ይጣበቅና ራሱ በሚያመነጨው ሙጫ መሰል ነገር ተሸፍኖ ባዮፊልም ይሠራል። በሽፋኑ ውስጥ ያለው ቤታ ግሉካን የተባለ ከስኳር የተሠራ ነገር፣ ፍሉኮናዞል የተባለውን ሌላ የፈንገስ መድኃኒት ይዞ ያስቀረዋል፤ ከሥር ደግሞ መድኃኒት የማይጨርሳቸው ያንቀላፉ ሕዋሳት ይተርፋሉ። ላንቃው ቢድንም ጥርሱ መልሶ ይበክለዋል።

መፍትሔ፦ ፍትጊያው ይቅደም። ድስት ላይ የደረቀ ሽሮ ውሃ ስለፈሰሰበት ብቻ እንደማይለቅ ሁሉ ባዮፊልምም በመዘፍዘፍ ብቻ አይነሣም። ጥርሱን በለስላሳ ብሩሽና በሳሙና ከውስጥም ከውጭም ይፈትጉት። ከዚያ 5 በመቶ የሆነውን በረኪና 1 እጅ ከ9 እጅ ውሃ ጋር ቀላቅለው ለ10 ደቂቃ ይዘፍዝፉትና በደንብ ያለቅልቁት። ብረት ካለበት በረኪና ያዝገዋል፤ ያኔ ክሎርሄክሲዲን የተባለው ጀርም ገዳይ ፈሳሽ ይሻላል። ሁለቱን ግን አያደባልቁ፤ ቡናማ ዝቃጭ ይፈጥራሉ። የፈላ ውሃም አክሪሊኩን ያጣምመዋል። ሌሊት ጥርሱን አውልቆ መተኛት ደግሞ ከሁሉም ዋጋው የቀለለና ከሁሉም የሚዘነጋ ሕክምና ነው።

ችግር፦ በክሎርሄክሲዲን እየተጉመጠመጡ ኒስታቲንም ይወስዳሉ፤ ለውጥ የለም።

መንስኤና መፍትሔ፦ ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ኃይል ያዳክማል። ሰዓታቸውን ያራርቁ ወይም በአንዱ ብቻ ይቆዩ። ኒስታቲኑን ጥርሱን አውልቀው በአፍ ውስጥ ያቆዩት፤ ምልክቱ ከጠፋም በኋላ ለ48 ሰዓት ይቀጥሉ።

ችግር፦ ጥርሱ ንጹሕ ነው፣ ፍሉኮናዞልም ተወስዷል፣ መቅላቱ ግን አለ።

መንስኤና መፍትሔ፦ የካንዲዳው ዓይነት ይመርመር፤ ካንዲዳ ክሩሴይ ፍሉኮናዞልን ከተፈጥሮው ይቋቋማል። የደም ስኳርም ይለካ። ለአስም ስቴሮይድ የሚስቡ ሰዎች ከሳቡ በኋላ አፋቸውን ይጉመጥመጡ። ያረጀና የላላ ጥርስ ይቀየር። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ሚኮናዞል የተባለውን የፈንገስ ጄል በራሱ ገዝቶ አይቀባ፤ ደም መፍሰስ ሊያስከትል ይችላል።