ፈጣን ጀልባችሁ ጣና ላይ ከደከመች ፕሮፔለሩን ቀይሩ

ባሕር ዳርቻ ላይ ተፈትና የመጣች ፈጣን ጀልባ ጣና ላይ አፍንጫዋን ሰቅላ ከጎተተች፣ ሞተሩን ከመፍታታችሁ በፊት የፕሮፔለሩን (ውሃ ውስጥ እየተሽከረከረ ጀልባዋን የሚገፋው ክንፍ) ፒች ተመልከቱ። ፒች ማለት ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር ሊጓዝ የሚገባው ርቀት ነው፤ ብዙውን ጊዜ እምብርቱ ላይ ከተቀረጹት ሁለት ቁጥሮች ሁለተኛው ነው።

የተለመደውን ሰውና ነዳጅ ጫኑ፣ ጸጥ ባለ ውሃ ላይ ጋዙን እስከ መጨረሻው ስጡና አርፒኤሙን (ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረውን ዙር) አንብቡ። የሞተሩ መመሪያ ከ5,000 እስከ 6,000 እያለ እናንተ 4,900 ላይ ከቀራችሁ ፒቹን በ4 ኢንች አውርዱ፤ ለምሳሌ ከ19 ወደ 15። አንድ ኢንች በወረደ ቁጥር ከ150 እስከ 200 አርፒኤም ይጨምራል። ግባችሁ የመመሪያው የላይኛው ግማሽ ይሁን።

ጣና ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በ16 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ቱርቦ (አየር አጭቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በዚያው ልክ ጉልበት ያጣል፤ ትልቁን ፒች መግፋት ሲያቅተው ታፍኖ ይሠራል፣ ይግላል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ትንሹ ፒች ያንን ተስፈንጥሮ የመነሳት ደስታ ይመልስላችኋል። የጠፋውን ከፍተኛ ፍጥነት ግን ሙሉ በሙሉ አይመልስም።

ፕሮፔለሩን ከመንካታችሁ በፊት ቁልፉን ንቀሉ፣ ባትሪውንም አላቁ። ዘንጉን ውሃ የማያጥበው ግሪስ ቀቡ፤ የመቆለፊያውን ስፒል አሮጌውን አትመልሱ፣ አዲስ አስገቡ።

ጀልባዋ ወደ ቀይ ባሕር ወይም ወደ ዱባይ የምትመለስ ከሆነ የድሮውን ፕሮፔለር መልሱላት፤ አለበለዚያ ሞተሩ ከልክ በላይ ይሽከረከራል።