የመድኃኒትን ተፅዕኖ በአይጥ አንጎል የደም መጠን ላይ በኤምአርአይ መለካት

ኤምአርአይ (በማግኔት የሰውነትን ውስጥ ምስል የሚያነሳው መሣሪያ) በዚህ ሙከራ የሚያየው ደሙን ነው፤ የነርቭ ሕዋሱን ሥራ በቀጥታ አያይም። ስለዚህ የዚህ ሙከራ ትልቁ ጣጣ የመድኃኒቱን ለውጥ ከትንፋሽ፣ ከደም ግፊትና ከማደንዘዣ ለውጥ መለየት ነው። የእንስሳት ሥነ ምግባር ፈቃድ ሳይያዝ ግን አይጀመርም።

300 ግራም ገደማ የሚመዝነውን አይጥ አይሶፍሉሬን በተባለው በትንፋሽ በሚሰጥ ማደንዘዣ፣ በ4 በመቶ አስተኙትና ወደ 1.5 በመቶ ዝቅ አድርጉ። አይሶፍሉሬን ራሱ የአንጎል ደም ሥሮችን ያሰፋል፤ ከበዛ ሥሮቹ ቀድመው ስለሚሰፉ መድኃኒቱ የሚያሰፋው ነገር ያጣል። በምስል ማንሳቱ መሃል መጠኑን አትንኩ። እንስሳው በራሱ ሲተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀምና ሥሮቹን ያሰፋል፤ በመተንፈሻ መሣሪያ ታግዞ በደም ወሳጅ ናሙና የሚለካው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት ከ35 እስከ 45 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይጠበቅ። የሰውነቱን ሙቀት ሙቅ ውሃ በሚዘዋወርበት ምንጣፍ 37 ዲግሪ ላይ አቆዩ።

መርፌ መስጫው ፓምፕ ከማግኔቱ ርቆ ስለሚቀመጥ ቱቦው ይረዝማል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው። የውስጥ ስፋቱ 0.28 ሚሊሜትር የሆነ 1 ሜትር ቱቦ ወደ 60 ማይክሮሊትር ይይዛል። የምትሰጡት 300 ማይክሮሊትር ከሆነ፣ በሳላይን (በጨው ውሃ) ካልገፋችሁት አንድ አምስተኛው ቱቦው ውስጥ ይቀራል፤ እናንተ ግን መድኃኒቱ ደከመ ትላላችሁ።

አሁን ምስሉን አንሱ። መጀመሪያ 5 ደቂቃ ያለ ብረት፤ ከዚያ በደም ሥር ውስጥ የሚቆይ የብረት ኦክሳይድ ብናኝ በኪሎ 20 ሚሊግራም ብረት ገደማ። ብረቱ የምስሉን ሲግናል (ብሩህነት) ያወርደዋል፤ ወርዶ እስኪረጋ ጠብቁና 15 ደቂቃ መነሻውን መዝግቡ። መድኃኒቱን በ1 ደቂቃ ውስጥ ቀስ አድርጋችሁ ስጡ። የደም መጠን ሲጨምር ብረቱም አብሮት ስለሚበዛ ሲግናሉ ይወርዳል እንጂ አይወጣም፤ ምልክቱን አትገልብጡ። ሲግናሉ ከምስሉ የዘፈቀደ ረብሻ የማይለይ እስኪሆን ከወረደ ብረቱ በዝቷል፣ ወይም የኢኮ ጊዜው (ከሬዲዮ ሞገዱ ምት እስከ ሲግናሉ ንባብ ያለው ጊዜ) ረዝሟል።

ስሌቱ እንዲህ ነው፦ በየቅጽበቱ ያለውን ሲግናል ከብረት በፊት ለነበረው አካፍላችሁ ሎጋሪዝሙን ውሰዱ፤ ይህን በመነሻው ተመሳሳይ ሎጋሪዝም አካፍሉ። 1.2 ከወጣ የደሙ መጠን 20 በመቶ ጨምሯል። ብናኙ ቀስ በቀስ ከደም ስለሚወጣ ሲግናሉ በራሱ ወደ ላይ ያዘነብላል፤ መሟሟያውን (መድኃኒቱ የሚሟሟበትን ፈሳሽ) ብቻ የተቀበለ ቡድን ከሌለ ይህን ማረም ይከብዳል።

እንደ ኮኬይን ያሉ መድኃኒቶች የደም ግፊትን ያሻቅባሉ። በጭን ደም ወሳጅ ላይ ግፊቱን ያለማቋረጥ መዝግቡ፤ ለሌላ ቡድን ደግሞ ግፊትን የሚጨምረውን፣ ግን ወደ አንጎል እንደልብ የማይዘልቀውን ኖራድሬናሊን ግፊቱ እኩል እስኪሆን ስጡ። ምስሉ ከተመሳሰለ ያያችሁት የግፊቱን ውጤት ነው።