በደጋው ሰሜን ሸዋ የሚሞቅና ጭስ የሌለበት ቤት እንዴት ይሠራል?

ያደግሁት ደብረ ብርሃን አካባቢ ኮርኒስ በሌለው የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። በታኅሣሥ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ቆርቆሮው ከውጭው አየር ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ሊነጋ ሲል የኛው ትንፋሽ እላዩ ላይ ውሃ ሆኖ ብርድ ልብሳችን ላይ ጠብ ጠብ ይል ነበር። እናቴ ልጆቼ በብርድ አለቁ ብላ ፍም ከሰል ታስገባና በሩን ትዘጋለች። ጠዋት ሁላችንም ራሳችንን እያመመን እንነሣለን። ያ ራስ ምታት ከከሰል የሚወጣው መርዝ መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ስለዚህ ቤት ልትሠሩ ያሰባችሁ ሁሉ አንድ ነገር ስሙኝ፦ ገንዘባችሁን ከሲሚንቶ ቀንሱና ኮርኒሱ ላይ አውሉት። ምክንያቱን እንደየደረጃው ልንገራችሁ።

1. ቦታው ላይ አንድ ቀን ዋሉ

ሰሜን ሸዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። በዚህ የተነሣ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ፣ ከአድማስ 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ትታያለች። በሰኔ ደግሞ ወደ ሰሜን ትሻገራለች። ይህ ለደገኛ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ደቡብ የሚያይ መስኮት ፀሐይ የሚያስገባው ልክ በብርዱ ወራት ነውና። የቤቱን ረጅም ጎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ዘርጉት፤ ሰፋፊ መስኮቶቹን በደቡብ በኩል አድርጉ። ሌሊት የቀዘቀዘውን ቤት ቶሎ የምታሞቀው የጠዋት ፀሐይ ስለሆነች ለምሥራቁም አንድ መስታወት አይጥፋ። የሰሜኑ መስኮት ትንሽ ቢሆን ይበቃል።

ነፋሱንም አትርሱ። እንጨት ተክላችሁ ጫፉ ላይ ጨርቅ እሰሩና ጠዋትና ማታ እዩት፤ ጎረቤትም ጠይቁ። በሩ ነፋሱን ፊት ለፊት እንዳይቀበል አድርጉ።

2. መሠረት፦ መረሬውን አውጡት

ደጋው ሜዳ ላይ ብዙ ቦታ መረሬ ነው። ጥቁሩ አፈር ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ቤቱም አብሮት ይሰነጠቃል። መረሬው እስኪያልቅ ቆፍሩና በገረጋንቲ ሙሉት፤ እያጠጣችሁም በደንብ ጠቅጥቁት። የድንጋዩ ግንብ ከመሬት ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ግድግዳው ከመጀመሩ በፊት ግንቡ ላይ ወፍራም ላስቲክ አንጥፉ፤ እርጥበት ከታች እንዳይወጣ። በዙሪያው ቦይ አውጡ።

ሲሚንቶ የግድ ካስፈለገ ቦታው እዚህ ነው። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ እስከ 1,450 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ተቃጥሎ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከነዳጁም ከራሱ ከድንጋዩም ይወጣል። በዓለም ላይ ከሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ7 እስከ 8 በመቶው የሲሚንቶ ድርሻ ነው። የአገራችን መብራት በአብዛኛው ከውሃ ኃይል ስለሚመጣ አምፖል ማብራታችን ያን ያህል አይከፋም። የኛ ቤት ሸክም ያለው በሲሚንቶው፣ በብረቱና በሚነደው እንጨት ነው።

3. ግድግዳ፦ አፈሩን ፈትኑ፣ ጭቃውን አብላሉ

ጭቃ ቤት የድሃ ቤት ነው የሚለውን ወሬ ተዉት። በደንብ የተሠራ ጭቃ ቤት ከብሎኬት ቤት ይሞቃል።

መጀመሪያ አፈሩን እዩ። ጠርሙስ ሲሶውን በአፈር፣ የቀረውን በውሃ ሙሉ፤ ትንሽ ጨው ጨምራችሁ በደንብ በጥብጡና አሳድሩት። አሸዋው ከታች ይቀመጣል፣ የሚያጣብቀው ደቃቅ አፈር ከላይ። ቀጥሎ እርጥቡን አፈር እንደ እርሳስ አድርጋችሁ ድብልብሉት። ገና ሲነሣ ከተበጣጠሰ አሸዋ በዝቶበታል፤ ሲደርቅ ክፉኛ ከተሰነጣጠቀ ደግሞ አሸዋና ጭድ ይፈልጋል።

የጤፍ ጭድ ቀጭን ስለሆነ ጭቃውን አጥብቆ ይይዛል። መንዝ ላይ ያላችሁ የገብስ ጭድ በደቃቁ ከትክታችሁ ተጠቀሙ። ጭቃውን ከጭዱ ጋር ረግጣችሁ ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ በየቀኑ ውሃ እያጠጣችሁና እያገላበጣችሁ ይብላላ። ሲደርስ ይሸታል፣ ይጠቁራል፣ እጅ ላይ ሙጭጭ ይላል። ያን ጊዜ ነው ለምርጊት የሚሆነው።

ቋሚው ባሕር ዛፍ ተልጦ በጥላ የደረቀ ይሁን። በቆረጣችሁት በእያንዳንዱ ዛፍ ምትክ ሌላ ችግኝ ተክሉ። ማገሩን በአንድ ጎን ብቻ ሳይሆን በውስጥም በውጭም ምቱና መሐሉን ጭድ በበዛበት ጭቃ ሙሉት፤ ግድግዳው 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወፍራል። ብርድን የሚከለክለው ጭዱ የያዘው አየር ነው።

ምርጊቱን በኅዳርና በታኅሣሥ አትጨርሱ። እርጥብ ልስን ላይ ውርጭ ካደረበት ይፈረፈራል። ግድግዳውን በጥቅምት አቁማችሁ የመጨረሻውን ልስን ውርጩ ካለፈ በኋላ፣ በየካቲት፣ የበልጉን ዝናብ እያያችሁ ሥሩ።

አንድ ስሕተቴን ልንገራችሁ። የመጀመሪያውን ቤቴን ያማምራል ተብዬ ጭቃውን በሲሚንቶ አስለሰንሁት። በሁለተኛው ክረምት ልስኑ ሰፌድ ሰፌድ እያከለ ወደቀ። ከኋላው የነበረው ጭቃ ረጥቦ ሻግቶ ነበር። ሲሚንቶው ጭቃው የጠጣውን ውሃ መውጫ ከልክሎታል። ከዚያ ወዲህ የምለስነው በእበትና በጭቃ ነው፤ ላዩን ደግሞ ኖራ እቀባዋለሁ።

4. ኮርኒስ፦ እዚህ ላይ አትሰስቱ

ሙቀት ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ጭቃ የተቀባ ጭድ 10 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ኮርኒስ ላይ ቢነጠፍ ከአንድ ሜትር ውፍረት የድንጋይ ግንብ በላይ ሙቀት እንዳያመልጥ ይከለክላል። አሠራሩ ይህ ነው፦

ደቃቅ ሸክላ አፈር በውሃ በጥብጡ፤ እንደ ቀጭን አጥሚት ይሁን። ረጅም ጭድ ንከሩበትና አንጠፍጥፉት። የተቀባ ጭድ እንደ ደረቅ ጭድ እሳት ቶሎ አይዘው፣ አይጥም እንደልቧ አትጫወትበት። በጣውላው ወይም በቀርከሃው ላይ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር አንጥፉና ሳትረግጡ ለቀቅ አድርጋችሁ ተዉት። ሲደርቅ ባለ 10 ሳንቲው በካሬ ሜትር ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል፤ እርጥቡማ ከዚያም ይበልጣል፤ ስለዚህ አናጢው እንጨቱን እንዲያቀራርብ አስቀድማችሁ ንገሩት። በጭዱና በቆርቆሮው መሐል አየር የሚያልፍበት ክፍተት ይኑር። የመብራት ሽቦ በቱቦ ውስጥ ብቻ ይለፍ። እስኪደርቅ ሳምንታት ስለሚፈጅ ያን ጊዜ መስኮት ከፍታችሁ አውሉ።

የመንዝ ሰዎች የጓሳ ሣር ክዳንን ያውቁታል። ሣሩ የሚበቅልበትን የጓሳን መሬት አባቶቻቸው ቆሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ለዘመናት እየዘጉና እየከፈቱ ጠብቀውታል። ሣሩ በተራ በሚፈቀድበት ወቅት ማግኘት የምትችሉ ከሆነ ለማድ ቤትና ለጎጆ የሚተካከለው ክዳን የለም።

5. ጭስ ከቤት ይውጣ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ገምቷል። ኩበትና ቅጠል ለሚያነድ ቤት ይህ የሩቅ ነገር አይደለም። ማድ ቤቱን ለብቻ ሥሩ፤ ምርጥ የሚባለውን የእንጀራ ምድጃ ግዙ፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲተያይ ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። የጭስ ማውጫው ከጣሪያው በላይ ይውጣ። ከሰል በተዘጋ መኝታ ቤት ፈጽሞ አታሳድሩ፤ የሚገድለው አየር ሽታ የለውም። በየክፍሉ ከጣሪያው ሥር ሁለት ትንንሽ የአየር መውጫዎች ተዉ፤ ብርድ ነው ብላችሁ በጨርቅ አትጠቅጥቋቸው። በረቱም ከመኝታው ይለይ።

በሞቃቱ ቆላ፣ ሸዋ ሮቢትና ቀወት ያላችሁ ደግሞ ነገሩን ገልብጡት፦ ጣሪያው ከፍ ይበል፣ በረንዳው ይስፋ፣ የምዕራቡ ግድግዳ ጥላ ይኑረው፣ መስኮቶች ትይዩ ሆነው ነፋስ ያሳልፉ። ለምስጡም ቋሚውን መሬት አታስነኩት።

ቤቱ ካለቀ በኋላ መስከረም በጠባ ቁጥር፣ ውርጩ ሳይመጣ፣ ግድግዳውን ዞራችሁ እዩ። ለዚህ ሲባል ለግድግዳው ከቆፈራችሁት አፈር ሁለት ጆንያ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ፤ ስንጥቁን ሳይለቅ የሚይዘው ያው የራሱ አፈር ነው።