የወር መጨረሻ ምልሰት፦ ያነበብነውንና የኖርነውን በአንድ ደብተር እንዴት እናስቀምጥ

በአዲስ አበባ ዳር ካለው ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ጠዋት 12 ሰዓት ወጥቶ ማታ 2 ሰዓት የሚመለስ ሰው ወሩን መለስ ብሎ ሲያየው አብዛኛውን ጊዜ ትዝ የሚለው ሰልፍና መንገድ ብቻ ነው። ምን እንዳነበበ ቢጠየቅ አንድ ሁለት ርእስ ይጠራል፤ የት ሆኖ፣ በስንት ሰዓት፣ ቤቱ ውስጥ ምን ሲደረግ እንዳነበበው ግን አያስታውስም። እኔም እንዲሁ ነበርኩ። ካለፉት ሦስት ዓመታት ወዲህ ግን በየወሩ መጨረሻ ያነበብኩትንና የኖርኩትን ጎን ለጎን አስቀምጬ የማየት ልማድ አዳብሬአለሁ፤ ይህንንም የምጽፈው ልማዱን ለመጀመር ለሚፈልግ ሰው አሠራሩን ከነምክንያቱ ለማሳየት ነው። ለምሳሌ የምወስደው ያለፈውን የኅዳር ወር ነው።

መጀመሪያ ደብተሩን እናዘጋጅ። ባለ 50 ሉክ ደብተር 100 ገጽ አለው፤ የእኛም የዘመን አቆጣጠር ለዚህ ሥራ እጅግ የተመቸ ነው፤ ምክንያቱም አሥራ ሁለቱም ወሮች እኩል 30 ቀን ስላላቸው የአንዱ ወር አከፋፈል ለሁሉም ይሠራል። የመጀመሪያው ገጽ ለዓመተ ምሕረቱ ይሁን። ከሁለተኛው ገጽ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ወር ስምንት ገጽ ይመደባል፦ አራቱ ለዕለታዊው መዝገብ፣ አራቱ ለወር መጨረሻው ጽሑፍ። ስምንት በአሥራ ሁለት ሲባዛ 96 ይሆናል፤ የሚተርፉት ሦስት ገጾች ለጳጉሜን ናቸው። ደብተሩ ሲገለጥ በግራው ገጽ ንባቡን፣ በቀኙ ኑሮውን ትጽፋላችሁ፤ የመጀመሪያዎቹ 15 ቀናት በአንድ ግልጥ፣ ቀሪዎቹ 15 ደግሞ በሚቀጥለው ይሰፍራሉ። እኔ ቀድሞ በስልኬ ላይ እጽፍ ነበር፤ ታክሲ ስጠብቅ ስልኩ ተሰረቀና የሁለት ወር መዝገቤ አብሮት ጠፋ። ከዚያ በኋላ ከወረቀት ውጪ አላመንኩም።

በግራው ገጽ የሚጻፈው አጭር ነው፦ ከገጽ ስንት እስከ ስንት፣ የት፣ በስንት ሰዓት። ስለ መጽሐፉ ያላችሁን አስተያየት እዚያ አትጻፉ፤ ጊዜው ሲደርስ ሰፊ ቦታ ተዘጋጅቶለታል። በቀኙ ገጽ ላይ የሚሰፍረው ደግሞ ከዕለቱ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ አንድ ነገር ግን በዓይን የታየ ወይም በጆሮ የተሰማ መሆን ይኖርበታል። «ቀኑ ጥሩ ነበር» ወይም «ደክሞኛል» የሚል መስመር ከወር በኋላ ምንም አይነግራችሁም። «ኅዳር 18፦ ማዶ ያለው ጤፍ ታጨደ፤ ነዶው ከመስኮት ይታያል» የሚለው መስመር ግን የዚያን ዕለት ጠዋት ብርዱንም፣ ከሕንፃዎቻችን ጀርባ ገና እየታረሰ ያለውን መሬትም ይዞልኛል። ከተማው ዳር ላይ የምንኖር ሰዎች አንዱ ዕድላችን ይኸው ነው፤ ወሩ ሲለወጥ ማሳው ይነግረናል።

ያላነበባችሁበትን ቀን በግራ በኩል በሰረዝ እለፉት፤ የቀኙን ገጽ ግን በፍጹም ባዶ አትተዉት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ያላነበበበት ቀን የሚያሳፍረው ይመስለውና ገጹን ሙሉ በሙሉ ይዘለዋል። ወሩን የሚያስረዱት ግን በአብዛኛው እነዚያ ሰረዝ ያለባቸው ቀናት ናቸው።

ይህን ያስተማረኝ ውሃ ነው። በእኛ ግቢ ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ሌሊት ሲሆን፣ ግፊቱ እስከ አራተኛ ፎቅ ስለማያደርሰው ሁላችንም ወርደን ከግቢው ቧንቧ እንቀዳለን። መዝገቡን ከመጀመሬ በፊት ለሰው ሁሉ የምናገረው «እኔ የማነበው መንገድ ላይ ነው» እያልኩ ነበር፤ የማምነውም እንዲሁ ነው። የውሃ ሌሊቶችን ደግሞ ዕረፍቴንና ንባቤን የነጠቁኝ አድርጌ እቆጥራቸው ነበር። በኅዳር መጨረሻ ግራና ቀኙን ሳስተያየው የተገኘው ሌላ ነው። በወሩ ውስጥ ያነበብኩት 325 ገጽ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ መንገድ ላይ ያነበብኩት 41 ብቻ ነበር። የሰንበቶቹና የቤት ውስጥ ንባቦቼ 115 ገጽ ሆኑ። የቀረው 169 ገጽ በቀኝ በኩል «ውሃ መጣ» ከሚል መስመር ትይዩ የተጻፈ ነበር። በሰባት ሌሊት ብቻ!

ነገሩን በቅርብ ላስረዳ። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከዚያ ቀጭን ቧንቧ ለመሙላት ስድስት ደቂቃ ያህል ይወስዳል። እኔ ዘጠኝ ጀሪካን አሉኝ። ጋቢዬን ለብሼ ከደረጃው ሥር፣ አምፖሉ ባለበት እቀመጣለሁ፤ አንዱ እስኪሞላ ሦስት ገጽ አነባለሁ። ቀና ብዬ ማየት እንኳ አያስፈልገኝም፤ ውሃው ከጀሪካኑ ሥር ሲወርድ ድምፁ ወፍራም ነው፤ ወደ አፉ በቀረበ ቁጥር እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ሊሞላ ሲል እንደ ፉጨት ይሆናል። ያን ጊዜ ጣቴን በገጹ መካከል አድርጌ እነሣና ቀጣዩን እደቅናለሁ። ስልክ የማይጠራበት፣ ማንም የማይፈልገኝ፣ ከቦታዬም መንቀሳቀስ የማልችልበት ሰዓት ነው። ይህን የነገረኝ ደብተሩ ነው። ስለዚህ ከወር መጨረሻው ምልሰት የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት አነበብኩ» ሳይሆን «ያነበብኩት ከምን ጋር ነው» የሚለው ይሁን፤ መልሱም ለሚቀጥለው ወር ከባዱን መጽሐፍ በየትኛው ሰዓት ማስቀመጥ እንዳለባችሁ ያሳያችኋል።

ሁለቱ ገጾች ሌላም ነገር ያገናኛሉ። ኅዳር 11 ማታ አንድ የቆየ ማስታወሻ መጽሐፍ ሳነብ ስለ 1911ዱ የኅዳር በሽታ የሚናገረው ክፍል ላይ ደረስኩ፤ በዓለም ዙሪያ የተዛመተው ያ ወረርሽኝ አዲስ አበባ ገብቶ ስንቱን ቤት እንደዘጋ፣ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ በጽኑ ታመው እንደነበር ይታወቃል። በማግስቱ፣ በኅዳር 12፣ ጠዋት በሩን ስከፍት ግቢው በጭስ ተሞልቶ ነበር። ጎረቤቶቻችን ደረቁን ቆሻሻ ሰብስበው «ኅዳር ሲታጠን» እያሉ ያቃጥላሉ። ይህን ጭስ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ከየት እንደመጣም ሰምቻለሁ፤ ነገር ግን ከመጽሐፉ ገጽ ቀና ብዬ ወደ ጭሱ የገባሁት የዚያን ዕለት ብቻ ነው። በግራው ገጽ «ማስታወሻው፣ ገጽ 88–101፣ ማታ 3 ሰዓት» ይላል፤ በቀኙ «ግቢው ታጠነ፤ ልብሴ እስከ ማታ ጭስ ጭስ ይሸታል» ይላል። እንዲህ ያለ ግጥጥሞሽ ስታገኙ ሁለቱን መስመሮች በአንድ ቅንፍ አያይዟቸው። በወሩ መጨረሻ ጽሑፉን የምትጀምሩት ከእነዚህ ቅንፎች ነው።

የወር መጨረሻው መቀመጫ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ እኔ በ30ኛው ቀን ማታ፣ ራት ከተነሣ በኋላ እቀመጣለሁ። ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ይበጃል። በመጀመሪያ የቀኙን ገጽ ብቻ ከ1 እስከ 30 አንብቡ፤ ግራውን በእጃችሁ ወይም በወረቀት ሸፍኑት። ወሩ እንደ ወር ይመለስላችኋል። ቀጥሎ ደብተሩን ዝጉና ስለ እያንዳንዱ መጽሐፍ የቀረላችሁን ከትዝታ ብቻ በሌላ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ መጽሐፉንም አትክፈቱ። ከዚያ በኋላ ነው የግራው ገጽ የሚነበበው፣ መጽሐፉም የሚገለጠው። ከትዝታ የጻፋችሁትና በገጹ ላይ ያለው ሳይገጥም ሲቀር አትደንግጡ፤ የማይገጥምበት ቦታ ራሱ ስለ እናንተ የሚናገረው አለው። እኔ ሙሉ በሙሉ አስታውሰዋለሁ ያልኩት አንድ ንግግር መጽሐፉ ውስጥ በሌላ ሰው አፍ ነበር የተነገረው፤ ለምን ከዚያኛው ሰው ጋር እንዳገናኘሁት ለማሰብ ግማሽ ገጽ ፈጅቶብኛል፣ የወሩም ምርጥ ግማሽ ገጽ ይመስለኛል።

ጽሑፉን ከቁጥር አትጀምሩ፤ ከአንድ ቀን ጀምሩ። የኅዳር ጽሑፌ የሚጀምረው ትንሽ ገጽ ካነበብኩበት የውሃ ሌሊት ነው። በሌሎቹ ስድስት ሌሊቶች ሃያ ሰባት ሃያ ሰባት ገጽ ስሄድ በዚያኛው ሰባት ብቻ ነበር ያነበብኩት። ምክንያቱም ከፊት ለፊቴ የሚኖሩት እናት ጀሪካናቸውን ደቅነው አጠገቤ ተቀመጡና «ልጄ፣ ምንድን ነው እንዲህ የያዘሽ?» አሉኝ። መጽሐፉን አሳየኋቸው፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነበር። ፊታቸው በራ። «ይኸንንማ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበው ነው የማውቀው፤ ሰዓቱ ሲደርስ ጎረቤቱ ሁሉ እኛ ቤት ይሰበሰብ ነበር፤ አንድ ሰው አይተነፍስም» አሉ። ቀጥለውም «እስቲ ጉዱ ካሣ የሚናገርበትን አንብቢልኝ» አሉኝ። «እሺ እማማ» ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፤ አንዳንድ ቦታ ከእኔ ቀድመው ዐረፍተ ነገሩን ይጨርሱታል። ጀሪካኑ ሞልቶ ሲፈስ ያየን ሌላ ሰው ነው። ገጽ ብቻ ብቆጥር ኖሮ ይህች ሌሊት ከወሩ ደካማዋ ሆና ትቀር ነበር።

ጀምራችሁ ስለተዋችሁት መጽሐፍም ጻፉ፤ የተዋችሁበትን ገጽ፣ በቀኝ በኩል ደግሞ በዚያ ሳምንት ምን እንደነበረ አብራችሁ ተመልከቱ። እኔ አንድ የትርጉም ልብ ወለድ ገጽ 63 ላይ ትቼ ነበር፤ ከትዝታዬ ስጽፍም «አሰልቺ ነው» ብዬ ፈርጄበታለሁ። የቀኙን ገጽ ሳይ ከኅዳር 22 እስከ 27 እህቴን ሆስፒታል ሳስታምም የከረምኩበት ሳምንት ሆኖ አገኘሁት። የመጽሐፉ ጥፋት አልነበረም። ፍርዴን ሰርዤ ለጥር አስቀመጥኩት። መጽሐፉ ራሱ ደካማ ሆኖ የተተወ እንደሆነም ያው በግልጽ ይጻፍ፤ ለሌላ ሰው ገንዘብና ጊዜ ያተርፋል።

ጽሑፉን ለሌላ ሰው ለማንበብ ወይም ለማካፈል ካሰባችሁ የራሳችሁ የሆነውን ብቻ ገልብጡ። የእህቴ ሕመም ምን እንደነበር በቀኙ ገጽ ላይ አለ፤ ለሰው በማነበው ላይ ግን የለም። የተዋሳችሁትን መጽሐፍ አታስምሩበት፤ ቁራጭ ወረቀት አስገቡና የገጹን ቁጥር ደብተሩ ላይ ጻፉ።

ከከተማው ዳር ለሚኖር ሰው አንድ ጥቅም ልጨምር። መጽሐፍ ፍለጋ መሀል ከተማ መውጣት ለእኛ የግማሽ ቀን ጉዳይ ነው፤ ስለዚህ ከምልሰቱ በኋላ የሚፈለገውን በዝርዝር ጽፌ በወር አንድ ቅዳሜ ብቻ እወጣለሁ። በ2014 ታኅሣሥ ወር ወደ ተከፈተው አራት ኪሎ ወዳለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት የምሄደው ተቀምጬ ማየት ለምፈልገው ነው፤ ለማይታተሙ የቆዩ መጻሕፍት ብሔራዊውን ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክርን፣ እጠይቃለሁ፤ ለራሴ የማስቀረውን ደግሞ ከመጽሐፍ ሻጮች እፈልጋለሁ። ዝርዝር ሳይዙ የወጡ እንደሆነ ዓይን ያየውን ሁሉ ተሸክሞ መመለስ አለ።

ደብተሩን ከመዝጋታችሁ በፊት የሚቀጥለውን ወር አራት ገጾች አስምሩ፤ ቀድመው የሚታወቁትንም ቀናት በቀኝ በኩል አስገቡ፦ በዓላቱን፣ የቤት ኪራዩን ወይም የባንክ ክፍያውን፣ ውሃ የሚመጣባቸውን ሌሊቶች። ለታኅሣሥ የመጀመሪያ የውሃ ሌሊት ፊት ለፊት በግራው ገጽ ላይ በእርሳስ «ከእማማ ጋር፣ በድምፅ» ብዬ ጽፌአለሁ፤ መጽሐፉም ውስጥ፣ በዛብህ ከቆመበት ቦታ ላይ፣ ቁራጭ ወረቀት አለ።